ለሁለት አፍ የተጻፈ

በከተማው አስተዳደር ሕንፃ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሰው ሥራው ከንቲባው የሚናገሩትን መጻፍ ነው። የሚያስቡትን አይደለም፤ እሱንማ ሚስታቸውም አታውቀው። የሚናገሩትን ነው። መንገድ ሲመረቅ ስለ መንገድ፣ ታላቅ ሰው ሲሞት ስለ ሞት፣ እንግዳ ሲመጣ ስለ እንግዳው አገር ውበት ይጽፋል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች “ሊቁ” ይሉታል። ግማሾቹ ከልባቸው፣ ግማሾቹ ለሹፈት ነው። የትኛው በየትኛው እንደሚጠራው ለይቶ ለማወቅ ተጨንቆ አያውቅም። መጨነቅን ከተወ ቆይቷል።

የክፍሉ መስኮት የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ጀርባ ተለጥፎ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። ሊቁ እሱን እያየ ይጽፋል። ድሮ፣ ሥራውን ሲጀምር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አልመጣ ሲለው እየተነሳ ይንጎራደድ ነበር። አሁን ዓረፍተ ነገር አልመጣም ብሎ አያውቅም። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ካረፉ ይመጣል። እሱ ቢኖርም ይመጣል፣ ባይኖርም ይመጣል።

ለዚህ ሥራ ያበቃው አባቱ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና የታሪክ መምህር ነበር። ቤታቸው ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረ፤ በአውሮፓ የአብርሆት ዘመን የሚሉትን፣ ያንን ነገሥታት የተርበደበዱበትን ዘመን የሚተርክ። በየገጹ ነጭ ጥምዝ ዊግ ያጠለቁ ሰዎች ሥዕል አለበት። ልጆቹ “ባለ ዊጎቹ” እያሉ ይስቁባቸዋል፤ አባት ይቆጣል።

“አትሳቁባቸው! እነዚህ ሰዎች በብዕር ብቻ ዙፋን ያነቃነቁ ናቸው።”

“ዙፋኑን ከማነቃነቃቸው በፊት ፀጉራቸውን ቢያበጥሩ ምን ነበረበት?” ትላለች እናት ከወዲያ።

ታናሹ ልጅ፣ የዛሬው ሊቁ፣ ግን በጉርምስናው ያንን መጽሐፍ ገልጦ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሰው የገዢው ንብረት አይደለም ይላል። ሥልጣን የተሰጠ ሳይሆን በውል የተበደሩት ነገር ነው ይላል። ውሉን ያፈረሰ ገዢ ይወርዳል ይላል። ልጁ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ልቡ ድው ድው ሲል እንደነበር ትዝ ይለዋል። ትዝ የሚለው ግን ስለ ሌላ ሰው የነገሩትን ወሬ እንደሚያስታውስ ነው።

ዛሬ ከንቲባው ንግግሩን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ “ሊቁ፣ እስቲ ትንሽ ከባለ ዊጎቹ ጣል አድርግበት” ይሉታል። ቅጽል ስሙን ከእሱ ሰምተው ወደውታል። እሱም ጣል ያደርግበታል። ቦታው የታወቀ ነው፤ ከተስፋው ቃል በኋላ፣ ከምስጋናው በፊት። እዚያ ላይ ነው አዳራሹ ማንቀላፋት የሚጀምረው። አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ፣ የጻፉት አደባባይ ላይ የተቃጠለባቸው ሰዎች ሐሳብ አሁን በመኪና ማቆሚያ ተስፋና በስፖንሰሮች ምስጋና መካከል ገብቶ ሰው ይቀሰቅሳል።

ሌላም ሥራ አለበት። በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ “መቆስቆስ” ይባላል። ንግግር የጻፈው ሰው አዳራሹ መሀል ተቀምጦ ጭብጨባውን መጀመር አለበት፤ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነዋ። ቀድሞ የተጨበጨበ ጊዜ ከንቲባው ይደናገራሉ፣ የዘገየ ጊዜ ደግሞ ይቆጣሉ። ሊቁ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። እጆቹ ከጆሮው ጋር ተማክረው ይጨርሱታል፤ እሱን አያስቸግሩትም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከአውቶቡሶቹ ነው።

አስተዳደሩ የከተማውን አውቶቡሶች ለአንድ ኩባንያ ሊያስተላልፍ ወሰነ። ሾፌሮቹ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ተባለ፤ ግን አንድ በአንድ እየተጠሩ፣ ኩባንያው እየመረጠ። ሾፌሮቹ ደግሞ አንድ በአንድ አንጠራም፣ ሁላችንንም አንድ ላይ አነጋግሩን ብለው ሥራ አቆሙ። ከፊት ሆኖ ያስቆማቸው የሊቁ ታላቅ ወንድም ነው።

ታላቅየው “ሻለቃ” ይባላል። ወታደር ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፤ ማዕረጉን የሰጡት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። “ወደ ኋላ ጠጋ! በሩን ልቀቁ! አንተ ባለ ሻንጣው፣ ሻንጣህ ትኬት ቆርጧል ወይ?” እያለ ሲያዝዝ የሰማ ሰው ሁሉ ተቀብሎ ይሄዳል።

አድማው በተጀመረ በሳምንቱ ሻለቃ ከሰዓት በኋላ የወንድሙን ክፍል በር አንኳኳ። ሊቁ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከአንድ በላይ ያልታጠበ ብርጭቆ።

“ማሙዬ፣ አለህ?”

“አለሁ።”

“ሥጋህንማ አያለሁ። አለህ ወይ ነው የምልህ።”

ሊቁ ወንበሩን ለቀቀለትና አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሻለቃ አልተቀመጠም።

“ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ልናገር ነው። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ የአንተ ሰውዬ። ከዚያ ሾፌሩ ድምፅ ይሰጣል፤ አድማው ይቀጥል ወይስ ይብቃ።”

“ታዲያ ተናገራ።”

“እኔ የአውቶቡስ መሪ ነው እንጂ ዓረፍተ ነገር ማዞር መች እችላለሁ? አንተ ጻፍልኝ። የአባባን ሰዎችም ጨምርበት፤ እነዚያን ባለ ዊጎቹን።”

“ከንቲባው እኮ ናቸው አሠሪዬ።”

“ለሳቸው አትጻፍ አልኩህ? ለሳቸውም ጻፍ። የሚያምረውን ግን ለኔ።” ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው። “ስማኝ ማሙዬ። ካልተበተንን ቆመናል። ከተበተንን መጀመሪያ የምጣለው እኔ ነኝ። መጣሉስ ግድ የለም። ‘ሻለቃ አስወጥቶን ሜዳ ላይ ጣለን’ ከተባለ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ የት እገባለሁ? ስሜ ብቻ ነው ያለኝ።”

ሊቁ እሺ አለ። እምቢ ለማለት ምክንያት መፈለግ ያስፈልግ ነበር፤ እሺ ለማለት ምንም አያስፈልግም።

በማግሥቱ የከንቲባው ቢሮ ኃላፊ መጣች። ሁልጊዜ የሚያልቅባት ነገር ያለ ይመስል ቆማ የምታወራ ሴት ናት።

“ለቅዳሜው አጭር ይሁን። ሥርዓት፣ መረጋጋት፣ የጋራ ቤታችን። ስለ ውል፣ ስለ ሕዝብ ሥልጣን ምናምን እንዳትገባ። ገባህ?”

“ገባኝ።”

“ባለ ዊጎቹ ለቅዳሜ ዕረፍት ይውጡ።”

የከንቲባውን ከምሳ በፊት ጨረሰው። የወንድሙን ከምሳ በኋላ ጀመረ። ማቀዝቀዣው ይንጠባጠባል። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ አረፉና ዓረፍተ ነገሩ መጣ፦

“ሥልጣን ከሰማይ የወረደ ዝናብ አይደለም፤ ከታች የተቀዳ ውሃ ነው። የቀዳነው እኛ ነን። ዕቃው ማፍሰስ ከጀመረ ዕቃውን የመለወጥ መብት የባለ ውሃው ነው።”

ጥሩ ሆነ አለ። የተቀመጠ አዳራሽ የምታስነሳ ዓረፍተ ነገር ናት። ከየት እንደመጣች አልጠየቃትም። ዓረፍተ ነገር ከየት መጣህ ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ በዚያ ቢሮ ውስጥ ሥራ ባልተሠራ ነበር። ደግሞም የመሥሪያ ቤቱ እምነት አንድ ነው፤ ንግግር ወንበሮቹ ሲነሱ አብሮ ይነሳል፣ የሚያስታውሰው የለም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሾፌሮቹ የሥራ ሸሚዛቸውን ለብሰው ነው የመጡት። ሊቁ መሀል ላይ፣ በሁለት የማያውቃቸው ሾፌሮች መካከል ተቀመጠ። የሻለቃ ወንድም አስተዳደር ውስጥ እንደሚሠራ ሾፌሮቹ ያውቃሉ፤ ምን እንደሚሠራ፣ መልኩስ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም።

ሻለቃ ወጣ። ወረቀቱን በሁለት እጁ እንደ መሪ ጨብጦታል። መጀመሪያ ላይ ከወረቀቱ ቀና አላለም። ኋላ ግን ስለ ጠዋት ብርዱ፣ ስለ አሮጌው ፍሬን፣ አንድ በአንድ ስለ መጠራት ሲናገር እየሞቀው መጣ። ውሃው ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈውና ኪሱ ከተተው። በቃሉ ይዞት ኖሯል።

“የቀዳነው እኛ ነን!” አለ።

ከሊቁ በስተቀኝ የተቀመጠው ሽበታም ሾፌር በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። አዳራሹ ተነሳ። ቆስቋሽ አላስፈለገም። ሊቁ የጻፈው ነገር ሳይቆሰቆስ ሲነድ ያየው ያን ቀን ነው። ወደ ራሱ ውስጥ ተመለከተ፣ ምን ይሰማኝ ይሆን ብሎ። ወንበሩ እንደሚቆረቁረው ተሰማው።

ከዚያ ከንቲባው ተነሱ። ፊታቸው ፈክቷል። በቁጣ ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ ሁሉ ግራ ተጋባ። ኃላፊዋ ያስጨበጠቻቸውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ አላዩትም።

“እኔ ዛሬ ደስ ብሎኛል” አሉ። “ከልቤ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያውን ስንመርቅ የተናገርኩትን ቃል በቃል የያዘ ሾፌር አለ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ወንድማችን ሻለቃ የኔን ንግግር እንዲህ አሳምሮ ሲያቀርበው፣ እውነቴን ነው፣ ሆዴ ባባ። እንግዲህ እሱ ከተወበት ልቀጥል።”

ከተወበት ግን አልቀጠሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን አንስተው፣ “ሥልጣን ከሰማይ የወረደ ዝናብ አይደለም” ብለው ከሥር ጀመሩት። አንድም ቃል አልሳቱ። ምረቃው ዕለት ወደውት፣ ቤታቸው አጥንተውት፣ እንግዳ ሲመጣ ሲወጡት የኖሩት ነው። ሰውየው እያፌዙ አልነበረም። ከልባቸው ነበር። ለዚህ ነው የከፋው።

ሊቁ ያን ጊዜ ትዝ አለው። የውሃ ማጠራቀሚያ። ውሃው ለዚያ ነበር የገባው።

የሾፌሮቹ አንገቶች አንድ በአንድ ወደ ሻለቃ ዞሩ። ሻለቃ ክው ብሎ ቀርቷል፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ ዓይኑ በረድፎቹ መካከል እየተንከራተተ ሄዶ አገኘው።

መነሳት ይቻል ነበር። “እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የሁለቱንም” ማለት ይቻል ነበር። ይኼ ሁሉ በሊቁ ሐሳብ ውስጥ አለፈ፤ በመስኮት እንደሚያልፍ ሰው፣ ሳይገባ።

“... መብት የባለ ውሃው ነው!” አሉ ከንቲባው፤ ጣታቸውን አወረዱ።

ዓረፍተ ነገሩ አለቀ። የሊቁ እጆችም አጨበጨቡ።

ያዘዛቸው የለም። ጆሮው ማለቂያውን ሰማ፣ እጆቹ ሠሩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ሰው ብቻውን ሲያጨበጭብ ድምፁ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ የሰማው ከሦስተኛው በኋላ ነው። እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። ሻለቃ እያየው ነበር።

“በቀቀን!” ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ። “የከንቲባው በቀቀን!”

“አንተ ሻለቃ፣ ስንት ጊዜ አስጠኑህ?”

“አድማውንስ እሳቸው ናቸው የጻፉልህ?”

ጉድ ፈላ። ወንበር ተገለበጠ። ሻለቃ እጁን አንስቶ ሊናገር ሞከረ፤ በዚያች እጅ ስንት ሺህ ተሳፋሪ ያሰለፈው ሰው አንድ ረድፍ ማስቀመጥ አቃተው። ድምፅ መስጫው ለሰኞ ጠዋት፣ አውቶቡሶቹ ወደሚያድሩበት ግቢ ተዛወረ። ሽበታሙ ሾፌር ሲወጣ ሻለቃ እግር ሥር ምራቁን እንትፍ አለ።

እሑድ ለምሳ ሊቁ እናቱ ቤት ሄደ፤ እሑድ እሑድ ስለሚሄድ ሄደ። ሻለቃ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ ዳቦ ይቆራርሳል፤ አይበላም።

“ሆን ብለህ ነው?” አለ፣ ቀና ሳይል።

“አይደለም። ለሳቸው እንደጻፍኩት ረስቼዋለሁ።”

“ጭብጨባውስ?”

“እጄ ነው።”

ሻለቃ ዳቦውን አስቀመጠ። “ስትጽፈው ምን ተሰማህ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም።”

“ምንም።”

“ምንም?”

“ጣቴን ትንሽ አሞኝ ነበር።”

ሻለቃ በጣም ቀስ ብሎ፣ “እኔኮ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለመስታወቱ ስናገረው እንባዬ መጥቶ ነበር” አለ። “አባባ የሰማኝ መስሎኝ ነበር።”

“ምን ሆናችሁ ነው የምትንሾካሾኩት?” አለች እናት ሳህን ይዛ ስትገባ። ጆሮዋ ትንሽ ደከም ብሏል።

“ምንም እማዬ” አለ ሻለቃ። “ባለ ዊጎቹ ናቸው ያጣሉን።”

“ኧረ እናንተ ልጆች!” አለች። “እነዚያ ሰዎች ዛሬም አልሞቱም?”

ማንም አልሳቀም። ሊቁ በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ሄደ።

ማታውን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ለሾፌሮቹ የሚለውን ለመጻፍ ሞከረ። “የተከበራችሁ” ብሎ ጀመረ፤ ይቺ የከንቲባው ናት። “እውነት ትዘገይ ይሆናል እንጂ” አለ፤ ይቺን ለአንድ ሚኒስትር ቀብር ሰጥቷታል። “ኅሊናዬ” የምትለዋን ለንግድ ባንክ ቅርንጫፍ ምረቃ ጽፏታል። የመጣው ዓረፍተ ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ምራቅ የነካው ነበር። ወረቀቱን ትቶ ተኛ፤ እንቅልፍም ወሰደው። ከጉርምስናው ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮ ለመሄድ ተነሳ፤ እግሩ ግን ወደ አውቶቡሶቹ ግቢ ወሰደው። ጀግንነት ነበር የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ፍርሃት ያለበት ሰው ነው የሚጀግነው።

ግቢው የናፍጣና የእርጥብ ጎማ ሽታ ይሸታል። ሾፌሮቹ በጥገና ክፍሉ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ሻለቃ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አጠገቡ የቆመ የለም። አንዱ ቆጣሪ ሆኖ እጅ አውጡ ሊል ሲል ሊቁ ወደ መሀል ገባ።

“እኔ የሻለቃ ወንድም ነኝ” አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር።

“ድምፅህን አሰማ!”

“የከንቲባውን ንግግር የምጽፈው እኔ ነኝ። የሻለቃንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። አንዱን ከአንዱ ገለበጥኩት። እሱ አያውቅም ነበር።”

አለቀ። አምፖል እንደሌለው የመብራት ምሰሶ እዚያው ቆመ።

ሽበታሙ ሾፌር ተነሳ። “አንተ አይደለህ እንዴ አጠገቤ ተቀምጠህ ያጨበጨብከው?”

“አዎ።”

“ለወንድምህ ለምን ጻፍክለት?”

“ጠየቀኝ።”

“ለከንቲባውስ?”

“እሳቸውም ጠየቁኝ።”

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሳቁ ግቢውን ዞረ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ደግም አልነበረም። ሽበታሙ ብቻ አልሳቀም።

“እኔ ብጠይቅህስ? ለኔም ትጽፍልኛለህ?”

ሊቁ አሰበ። በእርግጥ አሰበ።

“አዎ” አለ።

“ታዲያ ያ የውሃው ነገር፣ ያ እኔን ያስለቀሰኝ፣ ውሸት ነው በለኛ።”

“እሱን ያሰቡት ሰዎች ከልባቸው ነበር” አለ ሊቁ። “ድሮ ነው። ከፍለውበታል። ወንድሜም ከልቡ ነበር። በመሀል ያለሁት እኔ ነኝ እንጂ...” ዓረፍተ ነገሩ አላለቀለትም። ሲጽፍ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሳያልቅለት የቀረ የመጀመሪያው ነው። እንዲሁ ተወው።

እጅ ወጣ። ወደ ሥራ እንመለስ ያለው በዛ። የቅዳሜው ነገር የሰበረው ተሰብሯል፤ እሑድን ሙሉ በየቤቱ ሚስትና ልጅ ተማክሮበታል። አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ሻለቃም ምናልባት አይጠራም። ቆጣሪው ውጤቱን ሲናገር ሻለቃ ከግድግዳው አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ሽበታሙ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀ።

“ሻለቃ፣ ና ተቀመጥ። እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ላይ አትለጠፍብን።”

ሻለቃ መጣና ተቀመጠ። ሽበታሙ ትከሻውን መታ አደረገው። ስለ ቅዳሜ ምራቁ አልተናገረም፤ ሻለቃም አልጠየቀውም። ሌላ ሾፌር ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አለው፤ ሻለቃ ራሱን ነቀነቀ።

ሊቁ ወደ በሩ ሄደ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮሃል፤ ኃላፊዋ ናት። ይዞት ቆመ፣ የግቢው መውጫ መሀል ላይ። አንስቶ የሚላትን ፈለገ፤ አጣ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፣ እንደገና ጀመረ። ከኋላው ሞተሮች መነሳት ጀምረዋል፤ ከሳምንት በላይ ቆመው ስለነበር ጥቁር ጭስ ያስላሉ።

“ማሙዬ!” አለ አንድ ድምፅ ከአግዳሚው በኩል፣ ከቅዳሜ በፊት እንደነበረው በሚመስል ድምፅ። “ከመንገዱ ላይ ውጣ፣ አውቶቡስ ሊወጣ ነው!”

ሊቁ ጠጋ አለና አሳለፈው።